ጉልቻ ሰባሪው ሊቀመንበር

ድጅኖው ሲያርፍ የመጀመሪያው ጉልቻ ለሁለት ተከፈለ…

ሁለተኛውን ሳይመታ ወለቴ የሚነድ ትርኳሽ ከእሳቱ መዝዛ የሰባሪው ሰውዬ ፊት ላይ አሳረፈችበት።

የቀኝ ጉንጩ ቆዳ ተላጠ።

ጃራ የሚባለው የቀበሌ ታጣቂ ትከሻዋን በሰደፍ መትቶ መሬት ላይ ጣላት። ሊደግማት ጠመንጃውን ሲያነሳ…

«ተዋት» አለው ሰውየው ጉንጩን ይዞ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ፊትህን እኮ አቃጠለችህ።»

«ተዋት አልኩህ።»

ዘመኑ የደርግ ነው፣ 1979 ዓ.ም.። ቦታው ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባል ቀበሌ።

ሰውየው የቀበሌው ሊቀመንበር ዋቅወያ ነው። ወለቴ ደግሞ ከጉራጌ አገር መጥታ አረቄ እያወጣች የምትኖር ሴት።

ያን ሰሞን ሊቀመንበሩ ቤት ለቤት እየዞረ ጉልቻ ይሰብር ነበር። «ከእንግዲህ በዚህ ቀበሌ በክፍት ጉልቻ ማንደድ ክልክል ነው» ብሎ አስለፍፏል።

ሰዉ «አበደ» አለ።

ወለቴ ግን ሌላ ቁስል ነበረባት…

ከሁለት ዓመት በፊት ታናሽ እህቷ ቀለሟ ለዚሁ አረቄ ማገዶ ልትለቅም በጉቴ በኩል ወዳለው ጫካ ሄደች።

የደን ጠባቂ ከኋላዋ ተኮሰ። ጥይቱ በጀርባዋ ገብቶ በደረቷ ወጣ።

ሲያገኟት እንጨቱ ከነገመዱ ጀርባዋ ላይ ነበር…

ማን እንደገደላት ለወለቴ የነገራት የለም። የምርመራው ወረቀት «ስትሸሽ ተመታች» ብሎ ተዘጋ።

«እህቴን በላችሁ፤ አሁን ደግሞ እንጀራዬን» አለችው ከወደቀችበት።

ዋቅወያ ድጅኖውን አነሳ። የቀሩትን ጉልቻዎች ሰባብሮ ወጣ።

በማግስቱ ሸክላ ሠሪዋ ድርቤ ጭቃ ይዛ መጣች።

«አዴ ወለቴ፣ እምቢ ብትይም እሠራዋለሁ። ሊቀመንበሩ ነው የላከኝ።»

«የላከሽን ሰውዬ እሳት ይብላው።»

ድርቤ እየተሰደበች ሠራችው። ዙሪያው የተዘጋ፣ እንጨት የሚገባበት አፉ ጠባብ የሆነ፣ ጭስ መውጫ ያለው ምድጃ።

ሲደርቅ ወለቴ እያጉረመረመች ሞከረችው…

ሦስት ሸክም እንጨት ይፈጅ የነበረው አረቄ በአንድ ሸክም ተኩል ወጣ።

ደግማ ሞከረች። ያው ነው።

በዓመቱ የቀበሌው ቤት ሁሉ ምድጃ ቀየረ። ገበያ የሚመጣው እንጨት በቃቸው። በነፍሷ ተወራርዳ ጫካ የምትገባ ሴት አልቀረችም።

ቆይቶ አንድ ወሬ ተሰማ…

አውራጃው ጫካውን ለማስጠበቅ ተጨማሪ ታጣቂ ሊያሰማራ ነበር አሉ። ስብሰባው ላይ ዋቅወያ ተነስቶ «ጠመንጃውን ተዉትና ጭቃ የሚያመላልስ መኪና ስጡኝ» አለ።

«አሻጥረኛ» ብለው አሰሩት። በከስክስ ጫማ ረግጠው ሁለት የጎድን አጥንቱን ሰበሩት።

ሲፈቱት ተመልሶ ሄዶ ያንኑ መኪና ጠየቀ። ሰለቹትና ሰጡት። ጉልቻ መስበር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ወለቴ ይህን ስትሰማ «ለካ ሰው ነው» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ስታገኘው «ኦቦ ዋቅወያ፣ እንዴት አደርክ?» ትለዋለች። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያልፈው…

ደርግ ወደቀ።

በማግስቱ ሕዝቡ ሊቀመንበሩን ከቤቱ ጎትቶ አወጣው። ልጆቻቸው በእሱ ፊርማ ለውትድርና ታፍሰው ያልተመለሱ አባቶች ነበሩ። መጀመሪያ የመቱት እነሱ ናቸው።

ጥርሱ ረገፈ። አንድ ዓይኑ በደም ተደፈነ።

ወለቴ ሮጣ መጥታ ላዩ ላይ ተደፋች።

«ስንቷን ሴት ከጥይት ያተረፈ ሰው ነው። እኔን ሳትገድሉ እሱን አትገድሉም።»

ያኔ ከሥሯ ድምፁ ተሰማ…

«ተነሺ፣ አዴ ወለቴ… ቀለሟን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

ወለቴ አልተንቀሳቀሰችም።

«የደን ጠባቂ ነበርኩ። ሸክሙን ጥላ ብትሮጥ ታመልጠኝ ነበር። አልጣለችውም… ተኮስኩ። ለዚያ አመስግነው ነው ሊቀመንበር ያደረጉኝ።»

ቀስ ብላ ተነሳች።

ሕዝቡም ሰምቷል። ተረፋ የሚባል አናጢ የያዘውን ዱላ አቀበላት።

«ይሄ ያንቺ ነው» አላት።

ተቀበለችው።

አንድ ጊዜ መታችው… ቃታ የሳበውን ቀኝ እጁን። አጥንቱ ሲሰበር የሰማ ሁሉ ፊቱን አዞረ።

ከዚያ ዱላውን ጣለች። ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው።

«የእህቴን ድርሻ ወስጃለሁ» አለች። «ከእንግዲህ እሱን የሚነካ ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

ማንም አልነካውም።

ዋቅወያ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። ቀኝ እጁ ስላልዳነ በግራው ጭቃ እያቦካ የሰው ምድጃ ይጠግን ነበር።

ወለቴ እስኪሞት ድረስ ሰላም ብላው አታውቅም። የራሷ ምድጃ ሲሰነጠቅ ግን በሯን ትከፍትለት ነበር…

ወገኖቼ፣ ያንን ጫካ ጠመንጃ ሲጠብቀው ሴቶቹ ሞቱ፣ ጫካውም ተመነጠረ። ቀበሌው ጭቃ ማቡካት ሲጀምር ግን የቀሩት ሴቶችም የቀረው ጫካም ተረፉ።

ሥልጣን ይዛችሁ ድሃውን «ለምን አነደድክ?» ከማለታችሁ በፊት፣ በጥቂት እንጨት ብዙ የሚያበስልበትን መንገድ አሳዩት።

በኋላ የሠራነው መልካም ሥራ ግን የፈሰሰውን ደም ያጥበዋል? እኔ አላውቅም…

እናንተስ በወለቴ ቦታ ብትሆኑ ዱላውን ትቀበሉ ነበር? ሳትዋሹ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።