ያልተከፈተው ጠርሙስ

ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ፤ ከአብሽ ቆርቆሮ አንድ ክኒን አውጥቼ ዋጥኩ። የሟች ባለቤቴ እህት ትርንጎ ከአገር ቤት ከመጣች አራተኛ ቀኗ ነው። ወንድሟ በምን እንደሞተ አታውቅም።

"በባዶ ሆድ አብሽ!" አለች ከበሩ ላይ እየሳቀች። "ወንድሜንም ያከሳሽው እንዲህ ነው?"

ስልኩ ጠራ። የኢሚግሬሽን አስተርጓሚው ነበር።

"እትዬ አስካለ፣ ጠርሙስዎ ሦስት ቀን አልተከፈተም።"

በዚህ አገር ኤች አይ ቪ በደማችን ያለብን የውጭ ሰዎች የመኖሪያ ፈቃዳችን የሚታደሰው በየዕለቱ ነው፤ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ሲከፈት ክዳኑ ይጮሃል፣ ለመሥሪያ ቤቱም ያሳውቃል። ትርንጎ ጩኸቱን እንዳትሰማ ክኒኑን ቆርቆሮ ውስጥ ገልብጬ ጠርሙሱን ደበቅኩት። እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ እንዲሁ እናደርግ ነበር። ሦስት ቀን የሚታለፍ መስሎኝ ነበር።

"ውጬዋለሁ እኮ! አንድም ቀን አላቋረጥኩም" አልኩ በሹክሹክታ።

"እኔ አምንዎታለሁ። ፈቃድዎ ግን ተሰርዟል።"

"መድኃኒቱስ?"

"ያለ ፈቃድ ክሊኒክ አያስገቡም፣ እትዬ።"

ስልኩን ዘጋሁ።

"የምን መድኃኒት ነው?" አለች ትርንጎ። ሳቋ ጠፍቷል።

የአብሹን ቆርቆሮ ከደንኩት። ከዛሬ ጀምሮ ሐኪም የለኝም።