የእማዬ ፍርሃት

በዚያ ዘመን የልጅ ሞተር የሚሸጠው ከወላጅ የወጣ ፍርሃት ተጭኖበት ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ትርሲት ትልቁን ቀይ ባለአራት ጎማ ብትመኝም፣ ሻጩ እግሯ በደንብ የሚደርስበትን ትንሹን መረጠላት።

«የማንን ፍርሃት ልጫንበት?» አለ።

በር ሲንኳኳ እንኳ የምትደነግጠው እናቷ፣ «የእኔን፤ አንዳች ሳታስቀር» አለች። ሻጩም ፍርሃቷን ጠቅልሎ ከውስጧ አውጥቶ ሞተሩ ላይ ጫነው።

ትርሲት ሜዳው ላይ ስትፈተለክ ሞተሩ ከሜዳው ጫፍ ያለውን ገደል ገና ከሩቅ ሲያይ ቀዝቀዝ አለ፤ ጉድጓድ ሲያጋጥመውም ዞሮ አለፈ። ልክ እንደ እማዬ! እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሞተር የት ይገኛል!

ሲመለሱ እናቷ ግራ ቀኝ ሳታይ አስፋልቱ ውስጥ ገባች። የከባድ መኪና ጥሩንባ አምባረቀ። ትርሲት ከሞተሯ ዘላ ወርዳ የእናቷን ነጠላ ይዛ ጎትታ መለሰቻት።

«ምነው ልጄ?» አለች እናቷ እየሳቀች።

ትርሲት እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት። «ከእንግዲህ እኔ ነኝ የማሻግርሽ፣ እማዬ።»