የጋሽ ገብረሥላሴ ኤንትሬ

ፍሬዘር ክንዱን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ከትቶ ከሥር ያለውን ቡና ሲዳብስ፣ ዓይኑ በተከፈተው በር አልፎ ሳሎኑ ውስጥ ካለው ቁም ሣጥን አናት ላይ አረፈ። እጁ እዚያው ጆንያ ውስጥ ቀረ። አንዲት የእንጨት ኤንትሬ ቆማለች፤ አረንጓዴ የጭነት መኪና፣ መብራቶቿ የጠርሙስ ቆርኪ፣ ጎማዎቿ ካረጀ በረባሶ የተቆረጡ።

የእሱ ናት። ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት አይስታትም። የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩት አባቱ፣ ጋሽ ገብረሥላሴ፣ ከዋንዛ ጠርበው የሰጡት፣ በገመድ እየጎተተ "ቡና ጭኜ አዲሳባ ገባሁ!" እያለ የጅማን ልጅ ሁሉ ያስቀናባት መኪና ናት። ደርግ የወደቀ ሰሞን ቤተሰቡ ሰኮሩ ዘመድ ቤት ሰንብቶ ሲመለስ ከአልጋው ሥር አጣት። የቤቱ ቁልፍ ደግሞ በአደራ የተቀመጠው ጎረቤት ነበር፤ እነ ሙሐመድሳኒ ቤት።

ያኔ እናቱ "ዝም በል፣ ጎረቤት አይጠረጠርም" ብላ አፉን አዘጋችው። አፉንስ ዘጋች፤ ሆዱን ማን ይዘጋዋል? ይኸው ጎልማሳ ሆኖ፣ አባቱን ቀብሮ፣ ከአባቱ የእጅ ሥራ አንድ ስንጥር ሳይቀረው፣ የቡ ከተማ ድረስ ከዚሁ ከሙሐመድሳኒ ቤት ቡና ሊገዛ መጥቶ ሌባውን ከነኤግዚቢቱ ያዘው።

"ምነው፣ አልደረቀም እንዴ?" አለ ሙሐመድሳኒ፣ የአብሮ አደጉ እጅ ጆንያው ውስጥ መቆየቱን አይቶ።

"ቡናውስ ደርቋል።" ፍሬዘር እጁን አወጣ። "ያቺ መኪና የማን ናት?"

ሙሐመድሳኒ ዞሮ አየና ፈገግ አለ። ፍሬዘር ፈገግታውን አልወደደውም። በቡና ንግድ የከረመ ሰው ነው፤ ላዩን አይቶ አያምንም። እግዜር ይስጥልኝ ቢሉት እንኳ ከሥሩ እፍኝ ሊያወጣ ይቃጣዋል።

"የኔ ናት" አለ ሙሐመድሳኒ። "አባትህ ናቸው የሰጡኝ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ለክረምት አያቴ ዘንድ ስመጣ ይዣት መጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከየቡ ወጥታ አታውቅም።"

ታዲያ የተሰረቀ ዕቃ የት ሊቀመጥ ኖሯል፣ ጅማ ሐሙስ ገበያ መሐል? ፍሬዘር በሆዱ ሳቀ።

"አባቴ በዕድሜው የሠራው አንዲት ኤንትሬ ነው" አለ። "እሷንም ለእኔ።"

ሰሌን ላይ የተሰጣውን ቡና ስትለቅም የነበረችው የሙሐመድሳኒ ሚስት ሐጂራ ቀና ብላ ባሏን በልጃቸው ስም ጠራችው። "አባ ፋሂም! ወላሂ፣ በገዛ ቤትህ ሌባ ስትባል ዝም ትላለህ? ንገረው እንጂ ኮ!"

ባሏ በኦሮምኛ ተይው አላት፤ "ዲሲ ሐጂራ፣ ዲሲ።"

ይኸው፣ አለ ፍሬዘር ለራሱ። የሚደበቅ ነገር ባይኖር ሚስቱን ዝም ባላሰኘ።

ሙሐመድሳኒ ጫማውን አውልቆ ገባ። መኪናዋን አወረደ፣ አቧራዋን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ፣ አንዱን ጎማ በአውራ ጣቱ አሽከረከረና ትንሽ አያት። ከዚያ አምጥቶ ሰጠው።

"እንካ። እንግዳ ዓይኑ ያረፈበትን ይዞ ነው የሚሄደው፤ የቤታችን ወግ ነው። ደግሞም የአባትህ እጅ ናት። ከኔ ይልቅ ላንተ ትገባለች።"

ፍሬዘር ክርክር ነበር የጠበቀው። እሱ በሚያውቀው ንግድ ቶሎ እሺ ያለ ሻጭ ከጆንያው ሥር ድንጋይ አለው። የራሱን ንብረት በአንድ ቃል የሚለቅ ሰው የት አለ? እንዲህ የሚቀልለው የሰው ዕቃ ነው። ተቀበላት። ክብደቷን በእጁ ሲያውቀው ግን አባቱ ናፈቁት፣ ክፉኛ ናፈቁት። ፊቱን አዙሮ፣ ቡናውን ሳያስመዝን፣ አመሰግናለሁ ሳይል ወደ ፒክአፑ ሄደ።

መሪው ላይ ተቀምጦ ጎማዎቿን ሊያይ ጭኑ ላይ ገለበጣት። ሆዷ ላይ በጋለ ምስማር የተጻፈ ጽሑፍ አለ። ወደ ቀኝ ዘመም የሚለውን የአባቱን እጅ ወዲያው ለየው።

"ለልጄ ለሙሐመድሳኒ" ይላል።

ደግሞ አነበበው። የእሱ ኤንትሬ ሆድ ልሙጥ ነበር። ስንት ጊዜ ገልብጦ ጎማዋን ጠግኗል፤ ያስታውሰዋል፤ ምንም አልተጻፈበትም።

መስታወቱ ተንኳኳ። ሙሐመድሳኒ ነው። ፍሬዘር መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"የጠፋችብህን አገኘሃት?" አለው ሙሐመድሳኒ። ፍሬዘር ከድምፁ ሥር ሹፈት ፈለገ፣ አጣ።

መኪናዋን ቀስ ብሎ አዙሮ ጭኑ ላይ በጎማዎቿ አቆማት፤ ጽሑፉ ወደ ታች ሆነ።

"አገኘኋት" አለ።