የአቶ ሙሄ ሕመም በአመለወርቅ ሆድ

ዶክተር አመለወርቅ የዕለቱን ዘጠነኛ ሕመም ለመቀበል የበሽተኛውን ሥቃይ ወደ ሐኪም ገላ የሚያሻግረውን ቀበቶ ወገቧ ላይ አሰረች። ሕጉ ከወጣ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሐኪም ሥቃዩን በራሱ ገላ ሳይቀምስለት ማንም በሽተኛ ለቀዶ ጥገና አይገባም።

አልጋው ላይ የተኙት አቶ ሙሄ የሚባሉ የወረኢሉ ገበሬ ናቸው። ቀዶ ሐኪሙ ኃይለልዑል ጓንቱን አጥልቆ በር ላይ ቆሟል።

«ቀኝ ጎናቸውን ነው የሚያማቸው። ትርፍ አንጀት ነው፤ ሳይፈነዳ ቶሎ እናውጣው» አላት።

ሕመሙ ወደ እሷ ሲገባ ዓይኗን ጨፈነች። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ እንዴት እንደሚወጋ ታውቃለች፤ ዛሬ ጠዋት ብቻ ሁለቴ ቀምሳዋለች። ይሄ ግን ይከብዳል እንጂ አይወጋም፤ ወደ ታች ይጎትታል።

«አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ኧረ ቆየ ልጄ፤ ከክረምት በፊት ነው። ዛሬ ባሰብኝ እንጂ።»

ወደ ኃይለልዑል ዞረች። «ትርፍ አንጀታቸው የተቆጣ ሳይሆን ዝልግልግ ፈሳሽ ቋጥሮ ያበጠ ይመስለኛል። በጥድፊያ ከቀደድከው ሆዳቸው ውስጥ ይበተናል፤ ከዚያ ማን ይለቅመዋል? መጀመሪያ ሲቲ ስካን ይነሱ።»

ኃይለልዑል በረጅሙ ተነፈሰና ጓንቱን አወለቀ። ምስሉም እንዳለችው ሆነ፤ ከሰዓት በኋላ እብጠቱን ሳይቀድ ከነሥሩ አወጣው።

አመለወርቅ ቤቷ ስትገባ ዘጠኙም ሕመሞች አብረዋት ነበሩ፤ እስኪነጋ አይለቋትም። የአምስት ዓመት ልጇ ሶስና እየሮጠች መጣችና አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

«እማዬ፣ ዛሬ የቱ ጋ ልቀፍሽ?»

አመለወርቅ ከገላዋ ያላመማትን ቦታ ፈለገች።

«እጄን ብቻ ያዢኝ፣ የኔ እናት» አለቻት።