ብረት ላይ ሲደርስ

«ሲሰነጠቅም ኃይል፣ ሲጋጠምም ኃይል?» አሉ ሼህ አሕመድኑር ከፊት ወንበር ተነሥተው። «ወላሂ ልጄ፣ ይኼስ አልገባኝም። እንዲህ ከሆነማ አንዱን አተም ስንሰነጥቅ ስንገጥም ውለን የማያልቅ እሳት እናገኛለን!»

ለወላጆች ቀን የተሰበሰበው የመካነ ሰላም ሰው በሳቅ አውካካ። ሰሌዳው ፊት የቆመችው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የትምወርቅ ግን ጠመኔዋን በጣቶቿ ማገላበጥ ያዘች።

አባቷ አድማሴ ከኋላ ጥግ ተቀምጦ ላብ አጠመቀው። እስካሁን እንዴት አሳምራ ነበር የተናገረችው! ከባዱ ዩራኒየም እምብርቱ ሲሰነጠቅ ስብርባሪው ቢመዘን ከቀድሞው ጥቂት ይጎድላል፤ የጎደለችው ናት ኃይል ሆና የምትወጣው። ፀሐይ ደግሞ ቀላሉን ሃይድሮጅን እያጋጠመች ሂሊየም ታደርገዋለች፤ እዚያም ትንሽ ይጎድላል፣ ያቺው ጉድለት ብርሃንና ሙቀት ሆና መካነ ሰላም ድረስ ትመጣለች። አድማሴ ፊደል አልቆጠረም፤ አንዲት ቃል ግን አላመለጠችውም።

የሼሁንም መልስ ያውቀዋል። እሑድ ገጠር ቤታቸው መጥታ ወናፍ እየነፋችለት ነግራዋለች። መልሱ ብረት ነው። የዚያን ዕለት ነው ታዲያ «ልጄ፣ እዚያ የኔን ሥራ እንዳታነሺ» ብሎ የለመናት። አገሩ ማረሻውን ይወዳል፤ ማረሻውን የሚቀጠቅጠውን ግን ይጸየፋል፤ በጽዋው እንኳ አይጠጣለትም። ያ ንቀት እሷም ላይ እንዲደርስ አልፈለገም። እዚህ ከተማ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ እንዲህ ሆኖ ቢቀር ደስ ይለዋል።

የትምወርቅ ዓይኗን ወደ ኋላ ወረወረች። አድማሴ ራሱን ነቀነቀ፤ ተይ ማለቱ ነው። እሷ ደግሞ እልኸኛ ናት፤ በማን ወጥታ!

«መጠራጠርዎ ትክክል ነው» አለች ለሼሁ። «አንዱ አተም ሁለቱንም አይሰጥም። ከባዱ ሲሰነጠቅ፣ ቀላሉ ሲጋጠም ነው። ሁለቱም መንገድ ብረት ዘንድ ያበቃል፤ ብረት ከሁሉም አጥብቆ የተያያዘ ነው። ቢሰነጥቁትም ቢያጋጥሙትም ኃይል ይከስሩበታል እንጂ አያተርፉበትም። ከፀሐይ እጅግ የሚበልጡ ከዋክብት እንኳ ውስጣቸው ብረት ሲሆን እሳታቸው ይሸነፋል።»

ትንፋሽ ወሰደች።

«የአባቴ እሳት የአተም እሳት አይደለም። ግን ዕድሜውን ሙሉ ብረትን ሲያሸንፍ የኖረ ሰው እሱ ነው። ያውና፣ ከኋላ ተቀምጧል።»

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። አድማሴ መሬት ተሰንጥቃ እንድትውጠው የሚመኝ መስሎት ነበር፤ ያገኘው ግን ኩራት ነው፣ ደረቱን የሚገፋ ኩራት። ሼሁ «ማሻአላህ!» ሲሉ ሰማ። ከወንበሩ ተነሣ።

«ቀጥቃጭ ነኝ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።