ሌባሻይ ሞጣ የገባ ዕለት

ሦስት መቶ ብር...

ያኔ አራት በሬ ይገዛል።

"ጠፋብኝ" ያለው የሞጣው ቆዳ ነጋዴ ገብረ ሚካኤል ነው። ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ...

ሌባሻይ በሕግ ከተከለከለ ቆይቷል። ሰው ግን ንብረት ሲጠፋበት በመድኃኒት የደነዘዘ ልጅ ሌባውን ያገኛል ብሎ ያምን ነበር። ከፖሊስ ይበልጥ ያምን ነበር።

ገብረ ሚካኤልም ስመ ጥሩውን ሌባሻይ ወልደ ኪዳንን ከቢቸና አስመጣ። ዋጋው ሠላሳ ብር፣ ቅድሚያ።

ወልደ ኪዳን ይዞት የመጣውን ልጅ በወተት የተበጠበጠ ነገር አጠጣው... የልጁ ዓይን ፈዘዘ...

ወገቡን በመቀነት አሰረና ጫፉን ይዞ ለቀቀው።

ልጁ እየተንገዳገደ ሮጠ። ሰፈሩ በሙሉ ከኋላ ተከተለ።

የባለጠጋውን ግቢ አለፈ... የዳኛውን ደጅ አለፈ...

ጨው ቸርቻሪዋ ይርገዱ ቤት ገብቶ አልጋዋ ላይ ተዘረረ።

ይርገዱ ባል የላት፣ ወንድም የላት። ያላት ያ ቤት ብቻ ነው።

"ሌባዋ ይቺ ናት" አለ ወልደ ኪዳን። "ትክፈል። ከሌላት ቤቷ ይሸጥ።"

"ኧረ እኔ የዚህን ሰውዬ ደጅ ረግጬም አላውቅ..."

"ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው" አለ አንዱ።

"ጨው ስትሰፍሪስ እጅሽ መቼ ይታመናል" አለ ሌላው። ተሳሳቁ።

ገብረ ሚካኤል ወደ ወልደ ኪዳን ጠጋ አለ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"መድኃኒቱ ተሳስቶ አያውቅም።"

"እንግዲያው መሪጌታ፣ ያውጡት።"

ከሕዝቡ ጋር የመጡት የደብሩ መሪጌታ ሣህለ ማርያም ከጋቢያቸው ሥር አንድ ከረጢት አወጡ።

ሦስት መቶ ብር።

"ሌባሻዩ ከመጠራቱ በፊት ነው ገብረ ሚካኤል አደራ የሰጠኝ" አሉ። "ከእጄ አልወጣም።"

የተሰረቀ ነገር አልነበረም...

ወልደ ኪዳን ግን ምን ቢል ጥሩ ነው?

"ልጁ ያየው ልቧን ነው። ብታገኝ ትሰርቅ ነበር።"

ይባስ ብሎ "እውነቱን ነው" ብሎ ራሱን የነቀነቀ ሰው ነበረ።

ያኔ ገብረ ሚካኤል "እርስዎ" ማለቱን ተወ።

"መቀነቱን ስትይዝ አይቼሃለሁ። ሀብታም ደጅ ስትደርስ ትስባለህ፣ ብቸኛ ሴት ደጅ ስትደርስ ታላላለህ። ቢቸና ላይ እናቴን ባንቺዓለምን እንዲሁ ሌባ አደረግሃት። በሬዋን ሸጣ ከፈለች። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አጠገቧ የሚቆም ጠፋ። ሌባ እንደተባለች ተቀበረች።"

ወልደ ኪዳን ልጁን ተሸክሞ ሄደ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። "ተሳስቶ አያውቅም" የሚባል ነገር ብዙውን ጊዜ ማንም ፈትኖት አያውቅም። ዛሬም በፀበል ስም፣ በኮከብ ስም፣ በስልክ ላይ የሚሸጥላችሁን ሁሉ መጀመሪያ ፈትኑት።

አሁን ሒሳቡን ልዝጋው።

ገብረ ሚካኤል ሠላሳ ብር ከሰረ፤ የእናቱን ስም ሞጣ ላይ አጠራ፣ ቢቸና ላይ ግን የሰማው የለም።

ይርገዱ ቤቷ ተረፈ፤ ደንበኞቿ ግማሹ አልተመለሱም።

ልጁ መንገድ ላይ ሲያስመልሰው ታየ፤ ስሙን እንኳ የጠየቀ የለም።

ወልደ ኪዳን ሠላሳ ብሩን ኪሱ ከተተ።

ያ ሲስቅ የነበረው ሕዝብ ደግሞ አንዲት ሳንቲም አልከሰረም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው...

እናንተ በዚያ ሕዝብ መሃል ብትኖሩ፣ ከረጢቱ ከመውጣቱ በፊት ለይርገዱ አፋችሁን ትከፍቱ ነበር? እውነቱን ጻፉልኝ።