ፈንጂ አንሺው ከሰል ቆፋሪ

«ኸላስ! ኹሩጅ ነው!»

ካፊሉ፣ ማለትም ሳዑዲው አሠሪው አቡ ኸጣብ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

ሞላልኝ የከሰል መቆንጠጫውን እንደያዘ ከምድጃው ዞረ።

ኹሩጅ ማለት ሻንጣህን ሸክፈህ ወደ አገርህ ማለት ነው... ደብረ ታቦር ደግሞ ሦስት ልጆች የሱን እጅ ያያሉ።

«ምን አጠፋሁ ባባ?»

«መኖሪያ ፈቃድህ፣ ኢቃማህ፣ "የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ" ይላል! ላሳድስ ብሄድ ሳቁብኝ። ደማም ውስጥ ከሰል የት ይቆፈራል?»

እውነቱን ነው... የሚቆፈረው ነዳጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ሞላልኝ በሕይወቱ ከሰል ቆፍሮ አያውቅም። ተራ ወታደር ነበር፤ ሥራው ፈንጂ ማንሳት።

ጦሩ በ83 ሲበተን ለቪዛ ደላላው ሙያውን ነገረው። ደላላው በእንግሊዝኛ «ማይን» ብሎ ጻፈ።

ፈንጂም ማይን... የማዕድን ጉድጓድም ማይን!

አረብኛ ተርጓሚው ደግሞ ከራሱ ከሰል ጨመረበት።

ሞላልኝ «ወታደር መሆኔን ካወቁ ያባርሩኛል» ብሎ ትንፍሽ አላለም። አቡ ኸጣብም ወረቀቱን አንብቦ ኮባር ያለው ጥብስ ቤቱ፣ ከሰሉ ላይ አቆመው።

አራት ዓመት!

ስለ ጉድጓዱ ሲጠየቅ «ይጨልማል ባባ... በጣም ይጨልማል» ይላል። ሌላ ምን ይበል?

«እኔ እኮ» አለ አቡ ኸጣብ በንዴት፣ «ከሰል ቆፋሪ አልጠየቅሁም! ከኩዌት ጦርነት በኋላ ድንበር አጠገብ ያለው እርሻዬ ላይ ፈንጂ ቀርቶ ነበር። ፈንጂ የሚያነሳ ወታደር ላኩልኝ ብል... አንተን ላኩልኝ!»

መቆንጠጫው ከሞላልኝ እጅ ወደቀ።

«ባባ... እሱ እኮ እኔ ነኝ!»

«ውሸታም!»

ሞላልኝ የጥብስ ሽቦ አንስቶ ጓሮው አሸዋ ላይ በደረቱ ተኛ። ሽቦውን አጋድሞ... ቀስ... ስንዝር በስንዝር...

ኳ!

አቡ ኸጣብ ጀለቢያውን ሰብስቦ እግሬ አውጪኝ አለ!

ሞላልኝ አሸዋውን በጣቱ ገለጥ ገለጥ አድርጎ... የፔፕሲ ጣሳ አወጣ።

ሰውየው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ኹሩጁን ቀዶ ከሰሉ ውስጥ ጨመረውና «ሙያህን ነገ አስተካክላለሁ» አለው።

ሞላልኝ ሊፈነድቅ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው።

«ባባ... እርሻው ጋ መቼ ነው የምንሄደው?»

«ፈንጂው ከተነሳ ሦስት ዓመቱ! ይልቅ ሥጋው አረረ!»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ሞላልኝ... በልጅነቱ ደብረ ታቦር ዲያቆን የነበረው ሰውዬ!

ወዳጆቼ... በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እኛ የምንደብቀው ሙያ፣ አጠገባችን ያለ ሰው ሲፈልገው የኖረ ሊሆን ይችላል።

እናንተስ... ፈርታችሁ የደበቃችሁት፣ በኋላ ግን ከችግር ያወጣችሁ ነገር አለ? ሳትፈሩ ጻፉልኝ... እዚህ ኹሩጅ የለም 😂